ጥቁር ወይራማ ግድግዳ ለፀዳ ቤት

ወዳጅ፦ ጥቁር ወይራማ አረንጓዴ ከሌሎች አረንጓዴዎች የሚለየው በውስጡ ባለው ቢጫና ጥቁር ነው። እንደ ቄጠማ አይፈካም፣ እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል ወደ ሰማያዊ አያደላም፤ ቡናማ የነካው፣ የሰከነ ቀለም ነው። በጎንደር አቅራቢያ ላለችው ለፀዳ ሰው ናሙናው ሩቅ አይደለም። በደብር ቅጥር ውስጥ የቆመ ያረጀ ወይራ ቅጠሉ በላይ ገጹ ጥቁር አረንጓዴ፣ በሥሩ ቢጫማ ነው፤ ነፋስ ሲያገላብጠው ሁለቱ ተዋሕደው ይህንኑ ቀለም ይሰጣሉ። ከአዘዞ አልፎ በባሕር ዳር መንገድ ዳርና ዳር በተሠሩት አዳዲስ የብሎኬት ቤቶች ግን የሳሎን ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ክሬም ወይም ነጭ ነው። አንዱ ግድግዳ እንኳ በዚህ ቀለም ቢቀባ ቤቱ የሚያገኘው ነገር ብዙ ነው።

ጠርጣሪ፦ ቀለም በዛፍ ላይ ማማሩ በግድግዳ ላይ ለማማሩ ዋስትና አይሆንም፣ እቱ። ዛፉን ሰማይ በሙሉ ያበራዋል፤ ግድግዳውን የሚያበራው አንድ መስኮትና አንድ አምፖል ነው። ሰው ክሬምና ነጭ የመረጠው ሌላ ቀለም አጥቶ አይደለም፤ ያገኘውን ብርሃን እንዳያባክን ነው። ጥሩ ነጭ ቀለም ካረፈበት ብርሃን ከመቶ 80 እጅ በላይ መልሶ ይረጨዋል። ጥቁር ወይራማ የሚመልሰው ከመቶ 10 ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረውን ይውጠዋል። በክረምት ደመናው ሲከብድ፣ መብራትም ሲጠፋ፣ ይህ ልዩነት የጌጥ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።

ወዳጅ፦ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ግን የሚናገረው ስለ አንድ ግድግዳ እንጂ ስለ ክፍሉ አይደለም። ኮርኒሱ ነጭ ከሆነና ሦስቱ ግድግዳዎች ክሬም ሆነው ከቀሩ ክፍሉ በአንድ ጊዜ አይጨልምም።

ቀቢ፦ ይህን በሂሳብ ማየት ይቻላል። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 4፣ ከፍታው 2.7 ሜትር የሆነ ሳሎን ይወሰድ። አራቱ ግድግዳዎች 43 ካሬ ሜትር ያህል፣ ወለሉና ኮርኒሱ እያንዳንዳቸው 16 ካሬ ሜትር ናቸው። ክሬሙ ከመቶ 70፣ ነጩ ኮርኒስ ከመቶ 80፣ ሊሾው ወለል ከመቶ 20 ብርሃን ይመልሳሉ ቢባል፣ አንዱን ግድግዳ ጥቁር ወይራማ ማድረግ በክፍሉ ውስጥ እየተንጸባረቀ የሚዞረውን ብርሃን በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሰዋል። አራቱንም መቀባት ግማሽ ያህሉን ይወስዳል። ዙሪያውን ከወለል እስከ 1.10 ሜትር ብቻ ቢቀባ ኪሳራው ከሩብ ትንሽ ይበልጣል። በርና መስኮቱ አልተቀነሰም፤ ለንጽጽር ግን ይበቃል።

ጠርጣሪ፦ አንድ አምስተኛ ትንሽ ነገር አይደለም። ደግሞ ሂሳቡ የጀመረው ነጭ ኮርኒስ አለ ብሎ ነው። ኮርኒሱ የተወጠረ ማዳበሪያ ወይም አቡጀዲ የሆነ ቤት ብዙ ነው፤ ከዓመታት የከሰልና የዕጣን ጭስ በኋላ ነጭነቱ ይጠፋል። ኮርኒስ የሌለውም አለ፤ ቀና ሲባል የሚታየው ቆርቆሮና ማገር ነው። እንዲህ ባለው ክፍል ብርሃኑን የሚያዞረው የግድግዳው ክሬም ብቻ ነው። እሱም ከተወሰደ ምን ይቀራል?

ወዳጅ፦ እዚህ ላይ ክርክር የለም፣ ጋሼ። ኮርኒስ የሌለው ወይም ኮርኒሱ የጠቆረ ቤት ከጥቁር ቀለም መጀመር የለበትም፤ ገንዘቡ መጀመሪያ ለኮርኒሱ ይዋል። ኮርኒሱ ከነጣ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የትኛው ግድግዳ የሚለው ነው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ የቀኑን ብርሃን ተቀብሎ ለክፍሉ የሚያከፋፍል ስለሆነ ክሬም ሆኖ ቢቆይ ይሻላል። መስኮቱ ያለበት ግድግዳ ቀጥተኛ ብርሃን አያገኝም፤ እሱን ማጥቆር ብዙ ብርሃን አያሳጣም፤ ነገር ግን በጥቁር የተከበበ መስኮት ዓይን ይወጋል። ስለዚህ ሶፋው ወይም ቡፌው የሚጠጋው የጎን ግድግዳ ለዚህ ቀለም የተመቸ ቦታ ነው።

ቀቢ፦ የጎን ግድግዳ ግን ጉድለትን ያጋልጣል። ብርሃኑ ከጎን እየታከከው ስለሚያልፍ የስቱኮው ጉብታ፣ የብሎኬቱ መጋጠሚያ፣ የሮለሩ መስመር ሁሉ ጥላ ይጥላል። በክሬም ላይ የማይታየው እብጠት በጥቁር ላይ ከበር ጀምሮ ይታያል። ስቱኮው ሁለት ጊዜ ተቀብቶ በብርጭቆ ወረቀት መታሸት አለበት፤ ከዚያም አምፖል ከጎን ተይዞለት ይታያል። የቀለሙም ዓይነት ይወስናል። የሚያብረቀርቅ ዘይት ቀለም ጉድለቱን ያወጣዋል፤ የማያብረቀርቅ ፕላስቲክ ቀለም ይሸፍነዋል። የማያብረቀርቀው ደግሞ የራሱ ዕዳ አለበት፤ ክርን ወይም የወንበር ጀርባ ደጋግሞ ያሸው ቦታ ይላግና ከሌላው ተለይቶ ያበራል።

ጠርጣሪ፦ የዚህ ቀለም ፋሽን የመጣው ከሰሜን አገሮች ነው። በቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ጥቁር አረንጓዴ የመመገቢያና የመጻሕፍት ክፍል ቀለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ የወጥ ቤት ዕቃ ሳይቀር በወይራማና በአቮካዶ አረንጓዴ ይሠራ ነበር። አሁን ደግሞ በስልክ ስክሪን ተመልሷል። በፎቶው ላይ ያለው ክፍል ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ መስታወት አለው። የፀዳ መስኮት ጠባብ ነው፤ የብረት ፍርግርግ አለው፤ መጋረጃም ይጋረድበታል። ያንን ፎቶ አይቶ ይህንን ግድግዳ መቀባት የሌላውን ሰው ብርሃን ተበድሮ ማስዋብ ነው።

ወዳጅ፦ መስኮቱ ጠባብ ይሁን እንጂ ፀሐዩ ሌላ ነው። በእንግሊዝ ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት የቀትር ፀሐይ አያገኝም። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ፣ በአናት ታልፋለች። በሁለቱ መካከል ባሉት አራት ወራት የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ በቀረው ዓመት በደቡብ። ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ እንኳ በቀትር ከአድማስ 54 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ለንደን በዚያው ወር የምታገኘው 15 ዲግሪ ገደማ ነው። ጥቁር አረንጓዴ በለንደን ከተቻለ፣ በፀዳ የማይቻልበት ምክንያት የብርሃን እጥረት ሊሆን አይችልም።

ጠርጣሪ፦ ችግሩ ራሱ ከፍታዋ ነው። 54 ዲግሪ ላይ ያለች ፀሐይ 1.5 ሜትር በረንዳ ካለው ቤት ስትደርስ ከበረንዳው ጠርዝ ወደ ታች ሁለት ሜትር ያህሉን የግድግዳ ክፍል ጥላ ይሸፍነዋል። መስኮቱ በሙሉ በዚያ ጥላ ውስጥ ነው። የለንደን ፀሐይ ዝቅ ያለች ስለሆነች እስከ ክፍሉ ጥግ ትገባለች፤ የጎንደሯ ውጭ ደጅ ላይ ትቀራለች። ፀሐይ በሰሜን በኩል የምትሆንባቸው ወራትም በአብዛኛው የክረምት ደመና የተጫነባቸው ናቸው። ከውጭ ገብቶ ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ቆሞ የሚጠብቅ እንግዳ ይህን ያውቀዋል።

ወዳጅ፦ ስለ ቀትሩ እውነት ነው፤ ስለዚህ የሚቆጠረው ምሥራቅና ምዕራብ ነው። በበጋ ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት በምሥራቅ መስኮት የምትገባው ዝቅ ያለች ፀሐይ በዚህ ቀለም ውስጥ ያለውን ቢጫ ታወጣዋለች። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ በምዕራብ መስኮት የሚገባው ብርሃን ራሱ ቢጫ ስለሆነ ግድግዳው ወደ ቡናማ ይሞቃል። ምሥራቅ ወይም ምዕራብ የሚያይ መስኮት ያለው ክፍል ይህን ቀለም ይችላል። መስኮቱ በጥልቅ በረንዳ ሥር ያለ ክፍል ግን ቢተወው ይሻላል፤ ይህ የተነሳው ተቃውሞ ያስገኘው ጥሩ መለያ ነው።

ጠርጣሪ፦ ሰው ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ በብዛት የሚቀመጠው ማታ ነው። ማታስ?

ቀቢ፦ ማታ የሚወስነው አምፖሉ ነው። ቢጫ ብርሃን የሚሰጠው አምፖል ወይራማውን ወደ ቡናማ ይወስደዋል፤ ሞቃት ይመስላል። ነጩ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ኤልኢዲ ደግሞ ቢጫውን ገድሎ ግራጫ አረንጓዴ ያደርገዋል፤ የመሥሪያ ቤት ኮሪደር ይመስላል። በሱቅ በር ላይ በፀሐይ የተመረጠ ቀለም ማታ ሌላ ቀለም ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ያን ፑርኪንየ የተባለ የቼክ ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንዳስተዋለው፣ ብርሃን ሲደክም ለዓይን ቀድሞ የሚጠቁረው ቀይ ነው፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ዘግይተው ይጠፋሉ። በሻማ ዳር የቀዩ ስፌት ቀለም ሲከስም ወይራማው ግድግዳ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ቺፑድ ተቀብቶ በግድግዳው ላይ ቆሞ፣ በጠዋት፣ በደመና፣ በአምፖልና በሻማ ሊታይ ይገባል። ለአንድ ሳምንት የማይሰለች ከሆነ ብቻ ሥራው ይጀመር።

ወዳጅ፦ የቀለሙ ዋና ጥቅም ገና አልተነገረም። ጥቁር ወይራማ ራሱን ለማሳየት የሚቀባ ቀለም አይደለም፤ ከፊቱ ያለውን ነገር ለማሳየት ነው። የፈረንሳዩ ኬሚስት ሼቭረል በጎብለን የምንጣፍ ማምረቻ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ቀለሞች አንዱ የሌላውን መልክ እንደሚለውጥ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1839 በመጽሐፍ አሳተመ። አረንጓዴ ከጎኑ ያለውን ቀይ ያደምቀዋል፤ ጥቁሩ ከጎኑ ያለውን ነጭ ያነጣዋል። የጎንደር ቤት ዕቃ ደግሞ በብዛት በቀይና በነጭ የተሞላ ነው። ቀይና ሐምራዊ አለላ የገባበት መሶብና ሰፌድ፣ ከወለቃ የመጣ የሸክላ ሥራ፣ ጥለቱ የደመቀ ነጠላ፣ የመዳብ ወይም የነሐስ መስቀል፣ የአያቶች ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፤ እነዚህ ሁሉ በክሬም ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይደበዝዛሉ። መሶብ በወይራማ ግድግዳ ፊት ሲቀመጥ ስፌቱ፣ አለላው፣ እያንዳንዱ ዙር ይቆጠራል። ሥራውን የሠራችው እናት የደከመችበት ነገር የሚታየው ያኔ ነው።

ጠርጣሪ፦ ይህ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ አይካድም። ግን በጎንደር ለቀይ ነገር ማድመቂያ ሌላ የቆየ ብልሃት አለ። የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች በኖራ በተያያዘ ጥቁር ቡናማ ድንጋይ የተሠሩ ሲሆኑ፣ በመስኮቶቹና በቅስቶቹ ዙሪያ ቀላ ያለ ድንጋይ ገብቷል። የቁስቋሙም ግንብ በቀይ ድንጋይ ያጌጠ ነው። እዚያ የደመቀው ነገር በአረንጓዴ እርዳታ አልደመቀም። የጎንደር ቤት ከጎንደር መማር ካለበት ከድንጋዩና ከኖራው ይማር እንጂ ለአካባቢው ባዕድ ከሆነ ቀለም ለምን?

ወዳጅ፦ ድንጋዩ የጎንደር የውጭ ፊት ነው። የውስጡን ፊት ማየት የሚፈልግ ሥዕሉን ይይ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ሥዕል ቀለሙ ፍክት ያለ፣ ጥላ የሌለበት ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ የመጣው ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል ግን ፊትንና ልብስን በጥላ ማሳየት ጀመረ፤ ቀለሞቹም ጠቆር፣ ጠለቅ አሉ። በጣና ደቅ ደሴት ላይ ያለችው የእቴጌዋ ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ምስክር ናት። በጥንታዊ የኢትዮጵያ ሥዕሎች አረንጓዴ ከቢጫው ኦርፒመንትና ከሰማያዊው ኢንዲጎ ቅልቅል ይሠራ እንደነበር የቀለም ምርመራ አሳይቷል። ቢጫን ከጠቆረ ነገር ጋር ቀላቅሎ አረንጓዴ ማውጣት ስለዚህ ከስልክ የመጣ ብልሃት አይደለም።

ጠርጣሪ፦ ንጽጽሩ አንድ ነገር ይረሳል። ቤተ ክርስቲያኑ ድንግዝግዝ ያለው ለምክንያት ነው። ሰው ቆሞ የሚጸልይበት፣ ጧፍ የሚበራበት፣ ዓይን ቀስ ብሎ የሚለምደው ቦታ ነው። ሳሎን ውስጥ ልጅ ያጠናል፣ ሽማግሌ መድኃኒቱን ይቆጥራል፣ እናት ምስር ትለቅማለች። ሥዕሉም የተሠራው ለመታየት እንጂ ለምስር መልቀሚያ አይደለም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ያልተነሳ ነገር አለ። ይህ ቀለም በኢትዮጵያ ሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያስታውሰው ወይራን አይደለም። የወታደር ካፖርትን፣ የጦር መኪናን፣ የካምፕ በርን ነው። በአዘዞ የጦር ሰፈር አጠገብ ያደገ ሰው፣ የደርግን ዘመን ያየ ሰው፣ ወይም በቅርብ ዓመታት ጦርነት የልጁን መርዶ የሰማ ሰው ይህን ቀለም በሳሎኑ ሲያይ ምን ይሰማው ይሆን? ሼቭረል ለዚህ መልስ የለውም።

ወዳጅ፦ ለዚህ ማንም ሙሉ መልስ የለውም፣ ጋሼ። ቀለሙ በአንድ ቤት ውስጥ ለሚኖር አንድ ሰው እንኳ ሐዘን የሚቀሰቅስ ከሆነ መቀባት የለበትም፤ ጌጥ የቤተሰቡን ልብ ሊያከብር ይገባዋል። የወታደሩና የወይራው አረንጓዴ ግን አንድ አይደሉም። የጦር ዕቃ የሚቀባው ነጸብራቅ እንዳይኖረውና በመሬቱ ውስጥ እንዲጠፋ ተብሎ ነው፤ በውስጡ ግራጫና አቧራማ ቡናማ ይበዛል። በቤት ግድግዳ ላይ ቢጫው ትንሽ ከፍ ሲል፣ አጠገቡም እንጨትና ነጭ ጨርቅ ሲሆን፣ ዓይን ሌላ ነገር ያነባል። በብረት በርና በብረት ቁም ሳጥን ላይ ግን ይህ ቀለም ባይቀባ ይመረጣል። ብረትና ወይራማ ሲገናኙ ካምፑ መምጣቱ አይቀርም።

ጠርጣሪ፦ ለበሩ የተሰጠው ፍርድ ትክክል ነው። ወደ ኑሮው እንመለስ። በበጋ የመንገዱ አቧራ ግድግዳውን አይምርም። ጥቁር ቀለም ቆሻሻ ይደብቃል የሚባለው እውነት ነው?

ቀቢ፦ ግማሹ እውነት ነው። ቆሻሻ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጠቆር ያለ አለ፣ ነጣ ያለ አለ። የእጅና የጭንቅላት ቅባት፣ የከሰል ጭስ፣ የልጅ እርሳስ በጥቁር ወይራማ ላይ አይጎሉም። ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች የግድግዳቸውን ታችኛ ክፍል በጠቆረ ዘይት ቀለም የሚቀቡትም ለዚህ ነው፤ ሰው የሚደገፈው እዚያ ነው፣ በእርጥብ ጨርቅም ይጠረጋል። አቧራ ግን ነጣ ያለ ነው። በጥቁር ግድግዳ ላይ እንደ ዱቄት ይታያል፤ የጥፍር ጭረትም ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል። ከሁሉ የሚያስቸግረው የሲሚንቶ ጨው ነው። አዲስ ልስን በደንብ ሳይደርቅ ከተቀባ፣ እርጥበቱ ሲወጣ ጨው ይዞ ወጥቶ በገጹ ላይ ነጭ ያብባል። በክሬም ላይ ማንም አያየውም፤ በወይራማ ላይ ከሩቅ ይታያል። ልስኑ ከተሠራ ቢያንስ አራት ሳምንት መቆየት አለበት፤ በክረምት ደግሞ ከዚያ በላይ።

ጠርጣሪ፦ ይህ ሁሉ ስለ ብሎኬት ቤት ነው። በፀዳና ከፀዳ ወጣ ባለው አገር ብዙው ቤት በባሕር ዛፍ እንጨት ቆሞ በጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረገ ነው። ለእነዚህስ ምን ይባላል?

ቀቢ፦ ለጭቃ ቤት ጥቁር ወይራማ አይመከርም፤ ምክንያቱም ውበት አይደለም። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይቀበላል፣ ይመልሳል። ዘይት ቀለም ሲቀባበት መውጫውን ይዘጋዋል፤ በክረምት ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ከቀለሙ ጀርባ ተጠራቅሞ ቀለሙን ከነጭቃው ቅርፊት ያነሳዋል። ለጭቃ የሚስማማው ኖራ ነው። ኖራ ግን በተፈጥሮው ነጭ ስለሆነ የሚቀበለው ቀለም ውስን ነው። ማቅለሚያው ሲበዛበት መያዣ ያጣና በልብስ ላይ ይረግፋል። በኖራ ሊገኝ የሚችለው የፈዘዘ፣ አመድማ አረንጓዴ ብቻ ነው። እሱም የሚጸናው ማቅለሚያው የብረት ዝገት ዘር ከሆነ ነው፤ ሌሎቹን ብዙዎች ኖራው ያፈዝዛቸዋል።

ወዳጅ፦ የፈዘዘውም ቢሆን መናቅ የለበትም። በእበትና በአመድ በተለቀለቀ ወለል፣ በጭቃ መደብ አጠገብ፣ አመድማ አረንጓዴ ከጥቁሩ ይልቅ ሊያምር ይችላል። ጥቁሩን የሚመኝ የጭቃ ቤት ባለቤት ደግሞ ቀለሙን በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ያግኘው፤ በመጋረጃ፣ በአልጋ ልብስ፣ በእንጨት መደርደሪያ።

ጠርጣሪ፦ ቀለሙ ከምን እንደሚሠራ ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም። የአረንጓዴ ታሪክ የመርዝ ታሪክ ጭምር ነው። ስዊድናዊው ሼለ እ.ኤ.አ. በ1775 የፈጠረው አረንጓዴ አርሰኒክ ነበረበት፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ቤቶች የግድግዳ ወረቀት በእሱ ተቀለመ። ያ አልፏል። በዘይት ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ግን የቅርብ ጉዳይ ነው። ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ዘይት ቀለሞች ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚገኝባቸው ናቸው፤ ምክንያቱም ቢጫው ከእርሳስ ክሮሜት ይሠራ ነበር፣ አረንጓዴውም የሚወጣው ከዚያው ቢጫ ነው። እርሳስ የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል፤ ለዚህ ጉዳት ደህና የሚባል መጠን የለውም። አንድ ግድግዳ ያምር ዘንድ ሕፃን የሚዳህበትን ክፍል ለዚህ ማጋለጥ ተገቢ ነው?

ቀቢ፦ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም በሚሊዮን ከ90 እጅ፣ እንዳይበልጥ ወስናለች። ገዢው በጣሳው ላይ እርሳስ የሌለበት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ መፈለግ፣ ስም የሌለውን ጣሳ መተው አለበት። ለውስጥ ግድግዳ ደግሞ ዘይት ቀለም ጭራሽ አያስፈልግም፤ በውሃ የሚቀጥን ፕላስቲክ ቀለም ይበቃል። ትልቁ አደጋ ያለው ከሥር ነው። ከደንቡ በፊት የተቀባ ያረጀ ዘይት ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ አቧራው ወለል ላይ፣ ከዚያ በሕፃን እጅ ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለው ግድግዳ በውሃ እየራሰ ይታሽ፤ ልጆችና ነፍሰ ጡር በዚያን ቀን ከቤት ይራቁ፤ ወለሉም በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይጽዳ።

ወዳጅ፦ ወይራማ ራሱም ያለ አደገኛ ማቅለሚያ ይወጣል። የብረት ኦክሳይድ ቢጫ፣ ማለትም የአፈር ቢጫ፣ ከጥቁር ጋር ሲቀላቀል የሚሰጠው ወይራማ አረንጓዴ ነው። ዓይን ባያይ አይታመንም፤ ሰማያዊ ሳይነካው አረንጓዴ ይሆናል። ርካሽ ነው፣ ፀሐይ አያፈዝዘውም፣ ሲሚንቶም አይበላውም።

ቀቢ፦ ሽፋኑም ጥሩ ነው። በማሽን ተቀላቅለው የሚሸጡ ጥልቅ ቀለሞች ነጭ ማቅለሚያ ስለሌላቸው አሳልፈው ያሳያሉ፤ ሦስትና አራት ጊዜ ያስቀባሉ። ከብረት ኦክሳይድ የተሠራው በሁለት ወይም በሦስት ቅብ ይይዛል። ከሥሩ ነጭ ሳይሆን ግራጫ መሠረት ቢኖር ደግሞ ይፈጥናል። አንድ ሊትር በአንድ ቅብ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ 4 በ2.7 ለሆነው ግድግዳ በሁለት ቅብ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ይበቃል።

ጠርጣሪ፦ በእጅ የተቀላቀለ ቀለም ግን አይደገምም። ከዓመት በኋላ ቡፌው ሲነሳ ግድግዳው ቢፋቅ፣ ያንኑ ቀለም መልሶ ማግኘት አይቻልም። ለፀዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተማሪዎችና ሠራተኞች ክፍል የሚያከራይ ባለቤት ይህን ማሰብ አለበት። ክሬም የትም ሱቅ ይገኛል። የሚገባውም ተከራይ ጥቁሩን ላይወደው ይችላል፤ ለአዲስ ተከራይ ወደ ክሬም መመለስ ደግሞ ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ቀቢ፦ ቅልቅሉ በዓይን ሳይሆን በጣሳ ተለክቶ፣ ልኩ ተጽፎ፣ ከቀለሙም አንድ ጠርሙስ ተከድኖ ቢቀመጥ ትንሽ ቦታ ማደስ ይቻላል። ወደ ክሬም መመለሱ ግን እውነትም ከባድ ነው። ነጭ መሠረትና ከዚያ በላይ ሁለት ወይም ሦስት ቅብ ይፈልጋል።

ወዳጅ፦ ስለዚህ ለኪራይ ክፍል አይሁን። ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት፣ ኮርኒሱ ነጭ ለሆነ፣ መስኮቱ ምሥራቅ ወይም ምዕራብ ለሚያይ የብሎኬት ቤት ግን አንድ የጎን ግድግዳ ይገባዋል።

ጠርጣሪ፦ ይህን ሁሉ የሚያሟላ ቤት በፀዳ ምን ያህል ይሆን? ብዙው ሰው የሚኖረው በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ነው። ሳሎኑ መኝታም፣ ማጥኛም፣ ቡና ማፍያም ነው። ለአንድ ክፍል ባለቤት የሚቀንሰው አንድ አምስተኛ ብርሃን ከየትኛውም ሌላ ክፍል አይካካስም።

ወዳጅ፦ ለአንድ ክፍል ባለቤትም ውበት ይገባዋል፤ እንዲያውም ቀኑን ሙሉ የሚያየው ያንኑ ግድግዳ ስለሆነ ከሌላው የበለጠ ይገባዋል። ሙሉ ግድግዳ ካልቻለ መሶቡና ረከቦቱ የሚቀመጡበትን ጥግ ብቻ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነውን፣ ይቀባ። ከዚያ የሚጠፋው ብርሃን በሂሳብም አይቆጠርም፤ መሶቡ ግን ይደምቃል።

ጠርጣሪ፦ በዚያ መጠን ተቃውሞው ይላላል። የልጁ ማጥኛ ጠረጴዛ ግን ከዚያ ጥግ ይራቅ።

ቀቢ፦ ጊዜውም ይጠበቅ። ግድግዳው የክረምቱን እርጥበት የሚጨርሰው ጥቅምት ውስጥ ነው፤ በጎንደር ብዙ ሰው ደግሞ ቤቱን ለጥምቀት እንግዳ ያድሳል። በኅዳር የተጀመረ ሥራ ስቱኮውም ሁለቱም ቅብ በደንብ ደርቆ ከጥር 10 በፊት ያልቃል።